ተኝቶ የሚዘፍን ጊታር

ከሚሴ ገበያ ጀርባ፣ ባጃጆቹ ከሚዞሩበት አጠገብ፣ ሬዲዮና ቴፕ የምጠግንባት አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ አለችኝ። ሰዉ «ሸምሱ ቀደዳ» ይለኛል። ወሬ ያበዛል ለማለት ነው። እኔ ወሬ አላበዛም፤ የሆነውን ነገር ትንሽ አሳምሬ ነው የምናገረው። የቦርከናን ትንኝ የሚያውቅ ሰው ይፍረደኝ። አንድ ጊዜ ከጀርባዬ ላይ ሳባርራት ጃኬቴን ይዛው ሄዳለች፤ ማግስቱን ለብሳው አየኋት።

ከወሬዎቼ ሁሉ የተወደደችው የጅቡቲዋ ናት። ወደብ ላይ በቆመ መርከብ ገብቼ የካፒቴኑን ኤሌክትሪክ ጊታር ጠገንኩ፤ ጊታሩ ሲጮህ ዓሣ ነባሪዎች ተሰብስበው መርከቡን ከበቡትና አላንቀሳቅስ አሉት፤ ካፒቴኑ እግሬ ላይ ወድቆ «እባክህ መልሰህ አበላሽልኝ» አለኝ። እስከ ሚሌ በእውነት ደርሻለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ወሬው ራሱ ነው ይዞኝ የሄደው። የጊታር ሆድ ከፍቼ ግን አይቼ አላውቅም ነበር።

ታዲያ ባጃጅ ከተማችን በገባ ሰሞን፣ ክረምቱ ወጣ ሲል፣ አንድ ሐሙስ ዙህር ተሰግዶ ሰው ከመስጊድ ሲበተን፣ ሙሀዲን ቀይ ጊታሩን በነጠላ ጠቅልሎ፣ እንደታመመ ሕፃን ታቅፎ ገባ።

«ሸምሱ፣ ዝም አለብኝ» አለ።

«ማን?»

«ጊታሩ ነዋ። ትናንት ደህና ነበር። ዛሬ ልለማመድ ብዬ ባነሳው አንዲት ቃል አይወጣውም። ዐስር እንደተሰገደ ደግሞ አዳራሽ እፈተናለሁ።»

ፈተናውን ከሚሴ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። የዞኑ የኪነት ቡድን አንድ ጊታር ተጫዋች ሊቀጥር ነው፤ አንድ ብቻ። ሙሀዲን ለእናቱ ለእማ ዓዲላ ቃል ሰጥቷል፤ ከተቀጠርኩ እዚሁ እቀራለሁ፣ ካልተቀጠርኩ ግን ቅዳሜ ጠዋት በደላላው መኪና ከአጎቶቼ ልጆች ጋር እሄዳለሁ። በአፋር አድርጎ፣ በባሕር ተሻግሮ፣ ወደ ሳውዲ። ታላቅ ወንድሙ ሙስዐብ በዚያው መንገድ ሄዶ ነበር። ጀልባው ወዲያ ማዶ አልደረሰም፤ ሙስዐብም ወዲህ አልተመለሰም። እማ ዓዲላ እስከዛሬ «ሞተ» ብላ ለቅሶ አልተቀመጠችም፤ «ዘገየ» ነው የምትለው።

«ደሴ ልውሰደው ብዬ ነበር፤ አይደርስልኝም» አለ ሙሀዲን። «በኋላ አንተ ትዝ አልከኝ። ያ ካፒቴን…»

ደጃፌ ላይ ባጃጁን በጥላ የሚያቆመው ቃሲም ከመሪው ላይ ሆኖ አንገቱን አሰገገ። «ዓሣ ነባሪዎቹንም ጥራቸዋ ሸምሱ። ቦርከና ውስጥ ባይኖሩ እንኳ እንቁራሪት አይጠፋም።»

«አልችልም» የምትለው ቃል ጥርሴ ድረስ መጥታ ነበር። የሙሀዲንን ዓይን አይታ ተመለሰች።

«የታለ እስቲ» አልኩት።

ሱቄ ውስጥ ያለው ትልቁ ቴፕ የማይክ ቀዳዳ አለው። የጊታሩን ገመድ ጫፍ ገፍፌ ከማይክ ሽቦ ጋር ጠመዘዝኩና ድምፁ በቴፑ ስፒከር እንዲወጣ አደረግሁ። ጊታሩን ጠረጴዛው ላይ በጀርባው አጋድሜ አንዱን ክር ነካሁት። ድንንን አለ፤ መደርደሪያው ላይ ያሉ የሬዲዮ ሬሳዎች ሁሉ ተንቀጠቀጡ።

«ይኸው» አልኩ እጄን እያራገፍኩ። «አንዳንድ በሽተኛ የሐኪሙን ፊት ሲያይ ይድናል።»

ሙሀዲን አላመነም። ጊታሩን አነሳ፣ ማንገቻውን ትከሻው ላይ አጠለቀ፣ ቆሞ መታው። ምንም የለም። መልሶ አጋደመው፤ ድንንን። አነሳው፤ ጸጥ።

«ሱብሃነላህ» አለ ቃሲም። «ይሄ ጊታር ተኝቶ ነው የሚዘፍነው። ተጋድመህ ተጫወትላቸው፤ ፍራሽ እኔ አመጣለሁ።»

ሙሀዲን አልሳቀም።

ጊታሩን መልሼ አጋደምኩትና እንደሚያውቅ ሰው ጎንበስ አልኩበት። ከክሮቹ ሥር ፒክአፕ የሚሏቸው ሁለት ማግኔቶች አሉ፤ ፀጉር በመሰለ ሽቦ የተጠመጠሙ። የክሩን እንቅጥቅጥ የሚሰሙት እነሱ ናቸው። በካቻቪቴ ጫፍ አንዱን ነካ አደረግሁት፤ «ጧ» አለ። ሁለተኛውም «ጧ» አለ። ጆሮዎቹ ደህና ናቸው ማለት ነው። የድምፅ ማዞሪያውን አዞርኩት፤ ትንሽ ተንኮሻኮሸ እንጂ ታዘዘ። መቀያየሪያውን ወደ ላይ ወደ ታች አልኩት፤ ታዘዘ። እንግዲህ ነገሩ እንደ መስኖ ነው። ድምፁ ከፒክአፑ ይመነጫል፣ በማዞሪያው ያልፋል፣ ጎኑ ላይ ባለው የገመድ መሰኪያ ይወጣል። ካልደረሰ ወይ ቦዩ ተቆርጧል፣ ወይ የሆነ ቦታ ተነድሎ ወደ ሰው ማሳ እየፈሰሰ ነው።

እዚህ ላይ ቆሜ ትንሽ ባስብ ጥሩ ነበር። ግን ሁለት ሰው አፍጥጦ እያየኝ ነው፤ የጅቡቲ ጠጋኝ ደግሞ አያስብም፣ ይሠራል። «መሰኪያው ነው» አልኩ በድፍረት። ጎኑ ላይ ያሉትን ብሎኖች ፈትቼ መሰኪያውን ሳብኩት። ሁለቱ ሽቦዎች አጥንት እንደነከሰ ውሻ ጥብቅ ብለው ተበይደዋል። ምንም አልሆኑም። እኔ ግን መበየጃዬን ሰክቼ አቀለጥኳቸውና አላቀቅኳቸው። እንደ አዲስ ልበይዳቸው ስታኞውን፣ የብየዳ እርሳሱን፣ ሳነሳ መብራት ሄደ።

ከተማው ሁሉ በአንዴ ጸጥ አለ። ወፍጮው ቆመ። ካሴት ቤቱ አፉን ዘጋ። የእኔም መበየጃ ቀስ እያለ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ሙሀዲን የተለያዩትን ሁለት ሽቦዎች አየ፣ እኔን አየ።

«ፈታኸው» አለ።

«ልጠግነው ነው የፈታሁት።»

«መብራት እኮ የለም ሸምሱ።»

«ጅቡቲ ላይ መብራት ነበረ ያለህ ማነው?» አልኩና መበየጃውን ይዤ ወጣሁ። ከበሩ ፊት ረቢአ በቆሎ ትጠብሳለች። ፍሟን ገለጥ አድርጌ የመበየጃውን አፍንጫ ቀበርኩት።

«ደግሞ ምን ልትበላ ነው?» አለች ረቢአ።

«ብረት።»

«ሲበስል ለማን ልሽጥልህ?»

«ለሙሀዲን። ቅዳሜ እንዳይሄድ የሚያደርግ በቆሎ ነው።»

ረቢአ ቀልዱን ተወችው። ማራገቢያዋን አነሳችና እስኪቀላ ድረስ አራገበችልኝ።

ሮጬ ገብቼ በየድኩ። ደህና ብየዳ ሲደርቅ ያበራል፤ እንደ ዓሣ ዓይን። ይሄኛው አመድ ገብቶበት፣ ሳይሞቀው ደርቆ፣ እንደጎረበጠ ጥርኝ ጭቃ ሆነ። አየሁት። ሽቦውን ሳብ አደረግሁት፣ ያዘ። «ያዘ» ብዬ አለፍኩት።

ቴፑ ውስጥ የባትሪ ድንጋይ ከተትኩና እንደገና ሞከርን። በጀርባው ተጋደመ፤ ድንንን። ሙሀዲን አንግቶት ቆመ፤ ጸጥ። አንዲት ነገር አልተቀየረችም።

ሙሀዲን ወደ ጊታሩ አላየም። በሩ ላይ የወደቀውን ጥላ ነው ያየው፤ ጥላው ረዝሟል። «ደህና» አለ ቀስ ብሎ። «ቅዳሜ ነው እንግዲህ።»

እኔ ያን ጊዜ ነው ማሰብ የጀመርኩት። ጊታሩን ወሰድኩና በሆዱ ደፋሁት። ክሮቹን ከሥር በጣቴ ነካሁ፤ ዝም። ገለበጥኩት፤ ዘፈነ። በጀርባው ሲተኛ ይዘፍናል፣ በሆዱ ሲተኛ ዝም፣ ሲቆም ዝም። የተቆረጠ ሽቦ እንዲህ ዓይነት ጸባይ የለውም። ወደ ጆሮዬ አስጠግቼ ነቀነቅኩት።

ቅጭል።

ሦስታችንም ሰማነው።

«ውስጡ ሰው አለ» አለ ቃሲም፤ ድምፁ ግን የቀልድ አልነበረም።

የጊታሩ ጀርባ ላይ የማዞሪያዎቹን ጓዳ የሚዘጋ ጥቁር የላስቲክ ክዳን አለ። ብሎኖቹን አየኋቸው፤ ራሳቸው ተፋፍቋል፤ በካቻቪቴ ሳይሆን በቢላ የተፈቱ ናቸው።

«ከፍተኸው ታውቃለህ?»

«እኔ? በፍጹም» አለ ሙሀዲን።

ፈታሁት። ክዳኑ ሲነሳ ሽቦዎቹ ወለል ብለው ታዩ፤ በመካከላቸው ደግሞ ሰንሰለቷን እንደ ጅራት ጠቅልላ፣ ከነሐስ ቆርቆሮ የተሠራች፣ አውራ ጣት የምታህል ሂርዝ፣ አንገት ላይ የምትታሰር ክታብ፣ ተኝታለች። በሆዱ ሲደፋ ማዞሪያዎቹ ላይ ትተኛለች። ሲቆም ወደ ታች ተንሸራታ ድምፁ የሚያልፍበትን ጫፍና የማዞሪያውን ብረት አንድ ላይ ትነካለች። ድምፁ ወደ መሰኪያው መሄዱን ትቶ በቆርቆሮው አድርጎ ወደ ግራውንድ፣ ማለትም ወደ ሰው ማሳ፣ ይፈሳል። ሾርት የሚሉት ይሄ ነው። በጀርባው ሲተኛ ግን ላስቲኩ ክዳን ላይ ትወርድና ሁሉም ሰላም ይሆናል።

ሙሀዲን ሂርዟን ሲያይ ፊቱ አመድ ለበሰ። «የእማ ናት» አለ።

«ጊታሩን አንድ ቀን ወዳው አታውቅም። ሰይጣን ያለበት እንጨት ነው ትለኛለች። እዚህ ከቀረሁ ሁልጊዜ ይሄን ይዤ ነው የምኖረው። እንድወድቅ ነው ያደረገችው።» እጁን ዘረጋ። «አውጣት።»

እጁን ያዝኩት። እኛ አገር ሰው ያስቀመጠውን ሂርዝ ባለቤቱ ሳያውቅ ማንም አያነሳም። ሰንበቴ ከተማ የሰው ሂርዝ የፈታ ሰውዬ አውቃለሁ፤ ክንዱ ወደ ኋላ ዞሮበት እስከዛሬ ጀርባውን ያለ ረዳት ያካል። እርግጥ ለአፍታ ያህል፣ ሂርዟን ወደ ኪሴ አንሸራትቼ ክዳኑን ልዝጋና ለእማ ዓዲላ «እዚያው ናት» ልበላት ብዬ አስቤአለሁ። እንዲህ ዓይነት ነገር ለእኔ ቁርስ ነው። ግን የምትጠይቀኝ የሁለት ልጅ እናት ናት፤ አንዱ «የዘገየ»።

«ቃሲም» አልኩ፣ «እማ ዓዲላን ይዘሃት ና። እንደ ሰው አትንዳ።»

ቃሲም እንደ ሰው አልነዳም። ከሚሴ ውስጥ ያን ቀን ባጃጅ በሁለት እግሩ ሲሄድ ያየ ሰው ካለ እውነቱን ነው።

እስኪመጡ ድረስ ሙሀዲን ጀርባውን ሰጥቶኝ በሩ ላይ ቆመ። ደላላው ያዘዘውን ላስቲክ ቦርሳ ገዝቶ ማዘጋጀቱን፣ የአጎቱ ልጆች ትናንት ለጉዞው በሶ ማስፈጨታቸውን፣ ለማንም ሳይሆን ለመንገዱ ነገረው። እኔ የክዳኑን ብሎኖች መዳፌ ላይ ቆጠርኳቸው።

እማ ዓዲላ ስትገባ «አሰላሙ አለይኩም» አለች፤ ወዲያው ዓይኗ የተከፈተው ጓዳ ላይ ዐረፈ። ሻሿን አጠበቀች።

«ከፈታችሁት።»

«እማ፣ አንቺ ነሽ?» አለ ሙሀዲን።

«ኤዬ፣ እኔ ነኝ። ለፈጅር ስትወጣ በቢላ ፈታሁት። መልሼም አጥብቄዋለሁ፤ ከዚህ ቀጣፊ የተሻለ አጥብቄዋለሁ።»

«ለምን? እንድወድቅልሽ?»

እማ ዓዲላ ቀስ ብላ ወንበሬ ላይ ተቀመጠች።

«ይቺን ሂርዝ ታውቃታለህ?»

«ያንቺ ናት።»

«ለኪ። የእኔ አይደለችም። የወንድምህ ናት። ሙስዐብ ሊሄድ ሲል ከአንገቱ አውልቆ ትራሱ ሥር ተዋት። እዚያ ይስቁብኛል እማ አለኝ። ባዶውን ሄደ።» ጣቷን ወደ ጊታሩ ዘረጋች። «አንተ ይሄ እንጨት ከተናገረ አልሄድም አልከኝ። እንግዲህ ከአንተ በፊት የሚጠበቀው እሱ ነው ብዬ አስጠበቅሁት። ኢልመኮ፣ ልጄ፣ እኔ እንድትወድቅ?»

ሙሀዲን መሬት መሬቱን አየ። ቃሲም ወጥቶ ባጃጁን ያለ ምክንያት መወልወል ጀመረ።

መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። «እማ ዓዲላ፣ አውፍ ይበሉኝና… ጊታሩን ዝም ያሰኘችው እሷ ናት።»

«ማ?»

«ሂርዟ።»

«ሶባ፣ ውሸት ነው» አለች። «የአላህ ቃል ያለበት ነገር የልጄን አፍ ይዘጋል ትለኛለህ?»

«ቃሉ አይደለም። ቆርቆሮው ነው። ቆርቆሮ ከሽቦ ጋር ሲነካካ ድምፁን ይጠጣዋል።»

«ሸምሱ፣ አንተ ዓሣ ነባሪ አስጨፈርኩ የምትል ሰው ነህ። እውነት የተናገርክ ቀን በምን ልወቅህ?»

«ወላሂ ልበል?»

«አትበል። ወላሂ አንተ አፍ ውስጥ እንደ ማስቲካ ነው። አሳየኝ።»

ጊታሩን በጎኑ አቁሜ ሙሀዲን እንዲይዘው አደረግሁ። እማ ዓዲላ «ቢስሚላህ» ብላ ሰንሰለቷን በሁለት ጣቷ አንስታ ሂርዟን ከጓዳው አወጣች። ሙሀዲን ክሩን መታ፤ ሱቁ በድምፅ ሞላ። «አሁን መልሰው ያውርዷት» አልኩ፤ አወረደች። ድምፁ እንደታነቀ ሰው ቆረጥ አለ። አነሳች፤ መጣ። አወረደች፤ ሄደ። እኔ ሳልነግራት እንኳ እየደጋገመች አነሳች፣ አወረደች።

«እኔ ነኝ እንግዲህ የያዝኩት» አለች።

«ቆርቆሮው ነው እማ» አላት ሙሀዲን። ከመጣች ወዲህ ድምፁ ለስለስ ያለው ገና አሁን ነው።

«ትውጣ?» አልኩ።

ራሷን ነቀነቀች። «አንዱ ያለሷ ሄዷል። ይሄኛውን ያለሷ አልሰድም፤ አዳራሽም ቢሆን።»

የሽቦ መጠቅለያ ናስትሮ አውጥቼ «እንግዲያ በዚህ እንጠቅልላት፣ ከሽቦው ጋር እንዳትነካካ» አልኳት። ጥቁሩን ላስቲክ ስታይ ፊቷ ተኮማተረ። «በዚህ የመኪና ቆሻሻ አትነካትም» አለችና የሻሿን ጫፍ በጥርሷ ይዛ ቀደደችው። ሂርዟን ሰንሰለቷን ጨምራ ጠቀለለች፣ ደግማ ጠቀለለች፣ ቋጠረች። ከሽቦዎቹ ራቅ ባለው ጥግ በጨርቋ ወትፌ አስቀመጥኳት፤ ክዳኑን ዘጋሁ። ሙሀዲን አንግቶ ቆመ። መታው።

ቆሞ ዘፈነ።

«አልሃምዱሊላህ» አለች እማ ዓዲላ። በዚያችው ቅጽበት የዐስር አዛን ተሰማ። ወንዶቹ ደጃፍ ላይ ሰግደን አራታችን አንዲት ባጃጅ ውስጥ ተጨናንቀን ወደ አዳራሹ ነጎድን፤ ጊታሩ የተሻለውን ወንበር ይዞ።

አዳራሹ ውጭ ጄኔሬተር ይንጎራጎራል። ከመድረኩ ፊት ሦስት ፈታኞች ተቀምጠዋል፤ መሐል ያለው አቶ ሚፍታህ ነው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ በባዶ ዓይኑ የሚያይ። ስንገባ ከባቲ የመጣ አንድ ልጅ እየጨረሰ ነበር። በጣም ይጫወታል። ሰዉ አጨበጨበለት። ሙሀዲን ላቡን በእጅጌው ጠረገ።

እማ ዓዲላ በሩ አጠገብ ከሴቶቹ ጋር ቆመች። እኔና ቃሲም ከፊት ተቀመጥን። ሙሀዲን ወጣ፣ የአዳራሹን ገመድ ሰካ፣ አንዴ ዓይኑን ጨፈነ፤ ጀመረ።

ትልቁ ስፒከር የሱቄ ቴፕ አይደለም። ድምፁ አዳራሹን ከነጣራው አነሳው። ያመጣት ዜማ የራሱ ናት፤ አካሄዷ የመንዙማ ነው፣ ቃል የላትም። ከኋላ ያሉ ሽማግሌዎች ሳያስቡት እጃቸው ማጨብጨብ ጀመረ፤ ያን ዘገም ያለ የወሎ ጭብጨባ። አቶ ሚፍታህ መነጽሩን አወረደ። ሙሀዲን ደስ አለው። ደስ ሲለው ደግሞ ትከሻው አይቆምለትም፤ ወገቡን ሰበቅ አደረገ።

ጠሽ። ድምፁ ጠፋ።

ገመዱን ሲያንቀሳቅሰው «ጠሽ» ብሎ ለአፍታ መጣ፤ እንደገና ጠፋ። ጭብጨባው ተንጠባጥቦ ቆመ። የጄኔሬተሩ ድምፅ ብቻ ቀረ።

ከበሩ ወገን የእማ ዓዲላ ድምፅ መጣ፤ ጩኸት አይደለም፣ ለራሷ የተናገረችው ነበር የሚመስለው። «አውጧት… አውጧትና ይጫወት።»

ሙሀዲን ወደ እናቱ አየ። እጁ ቀስ እያለ ወደ ጊታሩ ጀርባ ሄደ።

«ልጄ» አለ አቶ ሚፍታህ፣ «ዕቃህ ችግር ካለበት ለሚቀጥለው ሰው ልቀቅለት። ጊዜ የለንም።»

እኔ ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ። ሂርዟ ከሆነች «ጠሽ» አይልም፤ ዝም ነው የሚለው። ይሄ የመሰኪያው ነው። ያ አመድ የገባበት የረቢአ ፍም ብየዳ ለቋል። ያለ ምክንያት ፈትቼ፣ ጎርብጦ አይቼው «ያዘ» ያልኩት። ደግሞ ማንም አያውቅም። ዝም ብዬ ብቀመጥ ሁሉም የሚያምነው ነገር አለ፤ እናቲቱም ራሷ አምናዋለች። ልጇ ቅዳሜ ሲሄድ እድሜ ልኳን በእጄ ነው የሸኘሁት ትላለች። እኔ ደግሞ እስከዕለተ ሞቴ ሰው ሁሉ የሚወዳት አንዲት ወሬ አገኛለሁ።

ተነሳሁ።

«አቶ ሚፍታህ፣ ጊታሩ ደህና ነው። ሌላም ነገር የለበትም፤ እማ ዓዲላ፣ ይስሙኝ፣ ሌላ ምንም የለበትም። መሰኪያውን ሳይበላሽ ፈትቼ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ብየዳዬ ነው የለቀቀው።»

አዳራሹ ውስጥ እኔ ይሄን ስናገር ሰምቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አንዳንዱ አዲስ ቀደዳ መስሎት ፈገግ አለ።

መድረኩ ላይ ወጥቼ ሙሀዲን እግር ሥር ተንበረከክሁ። መሰኪያው በጊታሩ ጎን ነው። የገመዱን ራስ ይዤ ወደ ላይ ገፋሁት፤ ጠሽ አለ። ትንሽ ወደ ግራ አዘነበልኩት፤ ጠሽ። አውራ ጣቴን ከሥሩ ሰክቼ አጥብቄ ደገፍኩት።

«ንካው» አልኩ።

ነካው። ድንንን አለ።

«ከወገብህ በታች እንዳትንቀሳቀስ። ግንድ ነህ። ብትጨፍር አብረን ነው የምንቀበረው።»

አቶ ሚፍታህ ወንበሩ ላይ ጎንበስ ብሎ አየኝ። «ይሄ ሰውዬ ማነው?»

«የጊታሩ አካል ነው ጌታዬ» አለ ቃሲም ከታች። ሳቅ ተነሳ።

ሙሀዲን ግን አልሳቀም፤ ከመጀመሪያው ጀመረ። ትከሻው አይነቃነቅም፣ ወገቡ አይነቃነቅም፤ ያ ሁሉ ጭፈራ መውጫ አጥቶ ጣቶቹ ላይ ተጠራቀመ። እኔ ትንፋሼን ይዣለሁ። አውራ ጣቴ ላበው፤ ላቡ ሲያንሸራትተኝ በጥርሴ ምላሴን ነከስኩ። ጣቴ ትንሽ ዘለል ባለ ቁጥር ከስፒከሩ ውስጥ እንደ ጉንዳን የሚሳብ «ጥጥጥ» ይሰማኛል፤ ከመጥፋቱ በፊት ያለችው ጫፍ ናት። ክንዴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሙሀዲን ጉልበት ትከሻዬ ላይ ተደግፎ ነበር፤ እሱም ይንቀጠቀጣል። የማን መንቀጥቀጥ የማን እንደሆነ አልለየሁትም። ከዚያን ቀን ወዲህ፣ ማመን ያለማመን የእናንተ ነው፣ አውራ ጣቴን ሬዲዮ አጠገብ ሳደርሰው ጣቢያ ይቀይራል።

ጭብጨባው ተመለሰ። መጀመሪያ ከኋላ ካሉት ሽማግሌዎች፣ ቀጥሎ ከሴቶቹ። የእማ ዓዲላን እጅ ግን አልሰማሁትም፤ ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩማ።

ዜማዋ አለቀች። ሙሀዲን የመጨረሻውን ክር መትቶ እስኪሞት ድረስ ተወው።

ፈታኞቹ ጭንቅላታቸውን አጋጠሙ። አንደኛው ወደ ባቲው ልጅ ጠቆመ፤ ሌላኛው ራሱን ነቀነቀ። አቶ ሚፍታህ ብዙ ሰማቸው። መነጽሩን አውልቆ በክራቫቱ ጫፍ ጠረገ፣ መልሶ ግንባሩ ላይ ሰቀለ።

«የባቲው ልጅ ጎበዝ ነው» አለ። የሙሀዲን ጉልበት ትከሻዬ ላይ ከበደ። «ግን እጁን ብቻ ነው የሰማነው። አንተ ታስረህም ሰውን አስጨበጨብክ። ሙሀዲን፣ ሰኞ ጠዋት ቢሮ መጥተህ ትጀምራለህ።» ወደ እኔ አየ። «ጊታሩን ሌላ ሰው ይሥራልህ። ይሄን ሰውዬ ደግሞ እቤት ተወው።»

ቃሲም አፉ ውስጥ ጣቱን ከትቶ አፏጨ። ሴቶቹ እልል አሉ። እማ ዓዲላ በሰው መሐል እየገፋች እስከ መድረኩ ጠርዝ ድረስ መጣች፤ የተቀደደው ሻሿ በአንድ ወገን አጥሮ ነበር። አላለቀሰችም። ልጇን ከታች ወደ ላይ አየችው።

«ሰኞ አለ ሰውዬው?»

«ሰኞ አለ እማ።»

«ሰኞ ከቅዳሜ በኋላ ነው አይደል?»

«በኋላ ነው።»

«እንግዲያ ቅዳሜ የጣራውን ቆርቆሮ ትመታልኛለህ» አለችው። «ክረምቱን ሙሉ ሲያፈስብኝ ነው የከረመው።»

«መርሃባ፣ እመታለሁ» አላት ሙሀዲን።

እኔ እንደተንበረከክሁ ነበርኩ። ሙሀዲን ገመዱን ነቅሎ «በቃ ሸምሱ፣ ልቀቅ» እስኪለኝ ድረስ ጣቴን ለማንሳት አልደፈርኩም።